ከመጠምጠም መማር ይቅደም
ስለ ወንዶች የፊት መፋቂያና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች፥ በየመደብሩ መደርደሪያ ላይ፥ ለወንዶች ተብሎ የተዘጋጀ የፊት መታጠቢያ፥ የፊት ቅባትና በገበያ ቋንቋ «ስክራብ» የሚባለው የፊት መፋቂያ ከምላጩና ከሳሙናው ጎን ተሰልፎ ይታያል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ዕቃ ሲያዩ ፊትን መንከባከብ የሴት ወግ ነው እያሉ ያፌዛሉ። ሌሎች ደግሞ ትርፉን ብቻ ተመልክተው የቀረበላቸውን ሁሉ ያለ ምርመራ ያዛሉ። ሁለቱም አካሄድ ለንግድ አይበጅም፤ የመጀመሪያው የደንበኛውን ፍላጎት ይንቃል፥ ሁለተኛው የደንበኛውን ፊት ለጉዳት ያጋልጣል። የፊት መፋቂያ ንግድ እንደ ማንኛውም ንግድ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ አውቆ መሸጥ ይገባዋል።

በቅድሚያ የዕቃውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል። የሰው ቆዳ ከሥር አዲሱን እያበቀለ ከላይ ያረጀውን የሚያራግፍ አካል ነው። በጎልማሳ ሰው ዘንድ ከሥር የተፈጠረው ሕዋስ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ ድረስ በግምት አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ጊዜው ይረዝማል። የሞተው ቆዳ ከወዝና ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ሲቀር ፊት ይደበዝዛል፥ የቆዳውም ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። መፋቂያ የተፈለገው ይህን የሞተ ሽፋን በቀስታ ለማንሣት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይፈጸማል፤ አንደኛው በደቃቅ ፍሬ ወይም በጨርቅ በማሸት ሲሆን፥ ሁለተኛው የሞቱትን ሕዋሳት እርስ በርስ ያያያዘውን ነገር በሚያላላ ለዘብ ባለ አሲድ ነው።

ለወንዶች ደግሞ ጉዳዩ ከውበት አልፎ ከምላጭ ጋር የተያያዘ ነው። ጠጉሩ የተጠቀለለ ሰው ጢሙን እስከ ሥሩ ሲላጭ፥ የተቈረጠው ጠጉር እንደ ገና ሲያድግ ጫፉ ታጥፎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል፤ አንዳንዱም ከቆዳው ሳይወጣ ከውስጥ እንዳለ ወደ ጎን ይገባል። ከዚህ የተነሣ በአገጭና በአንገት ላይ የሚያሳክክ፥ አንዳንድ ጊዜም መግል የሚይዝ እብጠት ይወጣል፤ ሲድንም ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሐኪሞች «ስዩዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ» የሚሉት ይህ ሕመም በአፍሪካውያንና የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ በሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል። በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ውስጥ ጢም መላጨትን በሚያዘው ደንብና በጥቁር ወታደሮች መካከል ለብዙ ዓመታት ክርክር ሲያስነሣ የኖረውም ይኸው ነው። በመጠንና በጥንቃቄ የሚደረግ መፋቅ የታፈነው ጠጉር መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል። ስለዚህ ይህን ዕቃ ፈልጎ ወደ ሱቅ የሚገባ ወንድ ሁሉ ቅንጦት የሚሻ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ጠቃሚው ዕቃ ምንነቱ ሳይታወቅ ሲሸጥ ጎጂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ፍሬው ከምን እንደ ተሠራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላላቅ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ በመፋቂያው ውስጥ ፖሊኤትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ደቃቅ ፍሬዎችን ይጨምሩ ነበር። ፍሬዎቹ ከፊት ላይ ታጥበው በፍሳሽ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ስለሚገቡ፥ ዓሦችም ስለሚውጧቸው፥ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ታጥበው በሚወገዱ የውበት ዕቃዎች ውስጥ እንዳይጨመሩ ከለከለች፤ የማምረቱ ክልከላ በ2017፥ የመሸጡ ክልከላ ደግሞ በ2018 መጽናት ጀመረ። እንግሊዝ በ2018፥ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ተመሳሳይ ክልከላ በሥራ ላይ አዋሉ። እዚህ ላይ አስመጪው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በአንድ ገበያ የተከለከለ ዕቃ ዋጋው ወድቆ ቁጥጥሩ ወደ ላላበት ገበያ ሊላክ ይችላል። እንግዲህ እጅግ ርካሽ ዋጋ የቀረበለት ነጋዴ በዋጋው ከመደሰቱ በፊት ዕቃው ስለ ምን እንደ ረከሰ ይጠይቅ። በፕላስቲኩ ምትክ ስኳር፥ ጨው፥ የተፈጨ ቡና፥ ሲሊካና ከሰም የተሠራ ፍሬ ይገባሉ። ከጠንካራ ቅርፊት የተፈጨው ፍሬ ጠርዙ ሊሾል ስለሚችል፥ ለፊት የሚስማማው ክብና ደቃቅ የሆነው ነው።

ሁለተኛው አሲዱ ነው። በዕቃው ጀርባ ላይ ግላይኮሊክ፥ ላክቲክ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ የሚል ስም ቢነበብ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ በመጠኑ ከተቀመመ ከሻካራው ፍሬ ይልቅ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጠን አለው። በአሜሪካ የውበት ዕቃ ቅመሞችን የሚመረምሩ ባለሙያዎች፥ ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ ለተራው ተጠቃሚ በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ከ10 ከመቶ እንዳይበልጡ፥ የአሲድነቱም መለኪያ ከ3.5 እንዳያንስ፥ ከፀሐይ መከላከልም በመመሪያው እንዲታዘዝ መክረዋል። ምክንያቱም እነዚህ አሲዶች ቆዳውን ለፀሐይ ቃጠሎ ያመቻቹታል። ይህ ማስጠንቀቂያ በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች በይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፥ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። የአየሩ ቀዝቃዛነት የፀሐይዋን ኃይል አይቀንሰውም። ስለዚህ በአሲድ የተቀመመ መፋቂያ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ማታ እንዲቀባና ቀን ፊቱን ከፀሐይ እንዲጠብቅ ለደንበኛው ቢነግረው ታላቅ ውለታ ይሆናል።

ሦስተኛውና እጅግ የሚያሠጋው በመፋቂያ ስም ወይም ከመፋቂያ ጋር ተጎዳኝቶ የሚሸጠው ፊት ማንጫ ቅባት ነው። የሞተ ቆዳ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ የተፈጥሮን መልክ ማንጣት ሌላ ነገር ነው። ከፊት ማንጫዎቹ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ እሱም ኩላሊትንና የነርቭን ሥራ የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፥ ጉዳቱ ከተቀባው ሰው አልፎ በቤቱ ላሉት ሕፃናት ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በቅባት ውስጥ የሚገኘውን ሜርኩሪ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል መንግሥታት ደግሞ ይህን ወሰን አንሥተው ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት ዕቃ ሁሉ እስከ 2025 ድረስ ከገበያ እንዲወጣ ተስማሙ። ሌሎቹ ማንጫዎች ሃይድሮኪኖን አለባቸው፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የማንጫ ቅባትን ንግድ የከለከለችው በሕዝቧ ፊት ላይ ያደረሰውን የማይለቅ ጥቁረት ካየች በኋላ ነው። ከእነዚህም ሌላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጡ የማይገባቸው ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች አሉ፤ ፊት ላይ ሲዘወተሩ ቆዳውን ያሳሱታል፥ ብጉርም ያወጣሉ። በምላጭ ሽፍታ የጠቆረ አገጩን ለማጥራት ወደ ሱቅ የመጣ ወጣት ከእነዚህ አንዱ ቢሰጠው፥ በትንሽ ችግር ፈንታ ትልቅ ችግር ገዝቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴዎች የሚያቀርቡት ክርክር አለ። ነጋዴ ሐኪም አይደለም፥ ሥራው ደንበኛው የጠየቀውን ማቅረብ ነው ይላሉ። ነጋዴ ሐኪም አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እህል ሻጭ የነቀዘውን ከደኅናው ለመለየት፥ ቅቤ ሻጭም የተቀላቀለውን ከንጹሑ ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለጋቸውም፤ የሙያቸው ዕውቀት በቂ ነው። ሌላው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው፤ ይኸውም ትንሹ ባለሱቅ እያንዳንዱን ቅባት በላቦራቶሪ ለማስመርመር አቅም የለውም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። ስለዚህም ሸክሙ በቅድሚያ መውደቅ ያለበት በብዛት በሚያዘውና የመላኪያውን ወረቀት በሚፈርመው በአስመጪው ላይ ነው። ባለሱቁ የሚጠበቅበት ከማን እንደ ገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ መያዝና ወረቀት የሌለውን ዕቃ አለመቀበል ነው።

ይህ ነገር ለላኪዎች እንግዳ አይሆንም። የኢትዮጵያን ቡና፥ ሰሊጥ፥ ማርና ሰም ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች የባሕር ማዶ ገዢ ምን ያህል እንደሚመረምር ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ቅሪት ባገኘች ጊዜ፥ ወደዚያ አገር የሚላከው ቡና እጅግ ቀንሶ ነበር፤ በምክንያትነት የተጠረጠረውም ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። ቡናው ደኅና ሆኖ ሳለ የጆንያው ነገር ብዙ ነጋዴዎችን አከሰረ። የጃፓን ገዢ ለሕዝቡ ጤና ብሎ ይህን ያህል ከጠየቀ፥ የኢትዮጵያ አስመጪ ለወገኑ ፊት ሲል ከውጭ አገር ሻጭ የምርመራ ወረቀት ቢጠይቅ ድፍረት አይባልም። ከእኛ የሚፈለገውን እኛም ከሌላው ብንፈልግ የንግድ ሥርዓት እንጂ ማስቸገር አይደለም።

የጊዜውም ሁኔታ ይህን የሚያስገድድ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውበት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከተከለከሉት 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ነበሩ፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በተሻሻለ ጊዜ ነው። በሩ የተከፈተለት ነጋዴ በተከፈተው በር ምን እንደሚያስገባ ሊያስብ ይገባዋል። አገሪቱ በብዙ ድካም ያገኘችው ምንዛሪ የሰው ፊት ለሚያበላሽ ቅባት ቢወጣ ኪሳራው እጥፍ ነው፤ ምንዛሪው ይሄዳል፥ የሕክምናውም ወጪ ይከተላል። ከዚህም በቀር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት ዕቃዎችንም የሚመለከት ስለ ሆነ፥ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ ሳይሆን አስቀድሞ መጠንቀቅ የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፥ የሚደረገው ከባድ አይደለም። አስመጪው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ሙሉውን የቅመም ዝርዝርና ሜርኩሪ የሌለበት ለመሆኑ የላቦራቶሪ ማስረጃ ከፋብሪካው ይቀበል፤ የቅመም ዝርዝር፥ የምርት ቁጥርና የአምራች አድራሻ የሌለበትን ዕቃ አያስገባ። ባለሱቁ መፋቂያውን ከማንጫ ቅባት ጋር በአንድ መደርደሪያ አያስቀምጥ፤ በክዳን የተከፈተ ዕቃ ሥዕል አጠገብ 12 ቁጥር ቢያይ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር የሚያገለግል መሆኑን ለገዢው ያስረዳ። ለደንበኛውም ጥቂት ቃል ይንገረው፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እንደሚበቃ፥ በጣት ጫፍ በቀስታ እንጂ በኃይል እንዳይታሽ፥ በምላጭ በቈሰለ ፊት ላይ እንዳይደረግ። ጥቁር ቆዳ በብርቱ ሲፈተግ ጠባሳው ጠቁሮ ስለሚቀር ይህ ምክር ለዚህ አገር ሰው ይልቁንም ያስፈልገዋል። የንግድ ምክር ቤትም ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ በአማርኛ አሳትሞ ለአባሎቹ ቢያድል፥ ጠጉር አስተካካዮችም ቢደርሳቸው ጥቅሙ ሰፊ ይሆናል።

በዚህ መልክ የሚሠራ ነጋዴ ምናልባት በመጀመሪያው ዓመት ከጎረቤቱ ያነሰ ዕቃ ይሸጥ ይሆናል። ርካሹን ያመጣው ጎረቤት ቶሎ ያተርፋል። ነገር ግን ፊት የማይሸሸግ የሰውነት ክፍል ነው፤ የተበላሸ ፊት በሠፈሩ ሁሉ እየዞረ ከየት እንደ ተገዛ ይናገራል፥ የጠራ ፊትም እንዲሁ። ደንበኛ ለልጁም ለወንድሙም ወደ ታመነው ሱቅ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ መፋቂያ የሚያስመጣም የሚሸጥም ሁሉ፥ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ከመፈረሙ በፊት የዕቃውን ጀርባ ገልብጦ ያንብብ።