ለጩኸት የሚከፈል ዶላር

መገናኛ የገበያ ማዕከል ከሆነ ሰንብቷል። በአካባቢው ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ስልክ፣ ላፕቶፕና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝተው ቤታቸው ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ የቪዲዮ አቀናባሪዎች፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎችና ጌም ወዳድ ወጣቶችም ከዚያው ይሸምታሉ። እነዚሁ ገዢዎች ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ ሳምንት ሙሉ ዋጋ ሲያጠያይቁ ይሰነብቱና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን፣ በተለምዶ «ኩለር» የሚባለውን፣ በአምስት ደቂቃ መርጠው ይሄዳሉ። መለኪያቸውም የመብራቱ ማማር ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ አመራረጥ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ነጋዴውንም እየጎዳ ነው።

ለምን ቢባል፣ ጥሩ ኩለር ከመጥፎው የሚለየው በጸጥታው ነው። ጸጥታ ደግሞ መገናኛ ላይ ሊፈተን አይችልም። የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የሞንታርቦ ሙዚቃና የጄኔሬተር ድምፅ በተደባለቁበት ሥፍራ የትኛውም ማራገቢያ ጸጥተኛ ነው። ጉዱ የሚወጣው ማታ፣ ኮተቤ ወይም ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ባለው ቤት፣ ልጆች ተኝተው ሥራ ሲጀመር ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ገዢው ጥራትን ለይቶ ማወቅ በማይችልበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ እንደሚወጣ አስረድቷል። ምሳሌው ያገለገሉ መኪናዎች ነበሩ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የኛ የኩለር ገበያም ከዚያ የተለየ አይደለም። የማይሰማው ጥራት ዋጋ ሲያጣ፣ የሚታየው መብራት ዋጋ ያገኛል።

ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻግሯል። እያንዳንዱ ኩለር በዶላር የመጣ ነው። ጩኸቱ ያማረረው ገዢ ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛ ኩለር ሲገዛ፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ዶላር ወጣ ማለት ነው።

ለመሆኑ ጸጥታ ከየት ይመጣል? ኩለር ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወስዶ በመዳብ ቱቦዎች ወደ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ያደርሳል፤ ማራገቢያው ደግሞ ከክንፎቹ ላይ ጠርጎ ያወጣዋል። ጩኸቱ የሚመጣው በዋናነት ከማራገቢያው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚነዳው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ለሰው ጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። ስለዚህ ሰፊ ክንፍና በዝግታ የሚዞር ባለ 120 ወይም ባለ 140 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ያለው ኩለር፣ እየከነፈ ከሚጮኸው ትንሽ ኩለር ይበልጣል። የሚገዛው የብረት ስፋት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሕግ ይበልጥ ይጠብቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። የአየር ንብረታችን ቀዝቀዝ ማለቱ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ሆኖም ውጭ አገር ተለክቶ በካርቶን ላይ የታተመው አቅም እዚህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ቅንጦት ሊባል አይገባም።

ምርጫውም የሚጀምረው ከዋት ነው። 65 ዋት ለሚለው ፕሮሰሰር አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ያለው ቋሚ ኩለር ይበቃል። 105 ወይም 125 ዋት ለሚለው፣ ሥራ ሲበዛበት ከዚያም ስለሚያልፍ፣ ሁለት የክንፍ ረድፍ ያለው ይሻላል። ዋጋና ጥራት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የኦስትሪያው ኖክቱዋ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ትልቁ ኩለር 150 ዶላር ገደማ ነበር፤ የታይዋኑ ቴርማልራይት ባለ ሁለት ረድፍ ኩለር ደግሞ በ35 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል። በመካከላቸው ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው። በፈሳሽ የሚሠራውም ቢሆን ከሳሳው አየር አያመልጥም፤ በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማራገቢያ ነውና። በዚያ ላይ የፓምፑ ድምፅ ይጨመራል፤ ፓምፑ ሲሞት ደግሞ ጠግኖ መጠቀም አስቸጋሪ ነው።

ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፣ ብር ከመቁጠር በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ ትልልቆቹ ኩለሮች ከ155 እስከ 165 ሚሊ ሜትር ይቆማሉ፤ ኬዙ ያንን ይችላል? ሁለተኛ፣ ማሰሪያው ከማዘርቦርዱ ጋር ይገጥማል? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ከቀድሞዎቹ የተለየ ማሰሪያ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ለሚያሻሽሉ፣ የአንዳንዶቹ የማራገቢያ መሰኪያ ከተለመደው የተለየ መሆኑን ማወቅ ያሻል። ነባር ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ በቅድሚያ አቧራውን ይጥረግ፤ የደረቀውን ፔስት ይቀይር፤ በባዮስ ውስጥ የማራገቢያውን ፍጥነት ያስተካክል። ይህን ማድረግ ብቻ አዲስ ኩለር ከመግዛት የሚያድንበት ጊዜ አለ።

ነጋዴው «ደንበኛው የሚጠይቀው መብራት ነው፤ ትልቁ ኩለር ደግሞ በኪሎ ጭነት ያስከፍላል፤ መደርደሪያም ይይዛል» ይል ይሆናል። እውነት አለው። ነገር ግን ደንበኛው መብራት የሚጠይቀው ሌላ መለኪያ ስላልተሰጠው ነው። በዕቃው ላይ የሚችለውን ዋት፣ ቁመቱን፣ የማሰሪያውን ዓይነትና የማራገቢያውን ፍጥነት በአማርኛ መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣል? ከሕንፃው ጀርባ በር የሚዘጋ አንዲት ጠባብ ክፍል አዘጋጅቶ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ማሰማትስ? ወይም «ማታ አዳምጠው፤ ካልተስማማህ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ» ማለት? አከርሎፍም ዋስትና ለዚህ ዓይነቱ ገበያ አንዱ መድኃኒት መሆኑን ጽፏል። መመለስን የሚፈቅድ ነጋዴ በዕቃው እንደሚተማመን ያለ ማስታወቂያ ይናገራል፤ ጩኸታም ዕቃ የያዘው ተፎካካሪው ግን ይህን ቃል ለመግባት አይደፍርም።

መብራት የሚሸጥ ሱቅ መገናኛ ላይ ሞልቷል፤ ፉክክሩም ትርፉን አሳስቶታል። ጸጥታን አስመስክሮ የሚሸጥ ግን ገና ቦታው ክፍት ነው። ቀድሞ የገባበት ነጋዴ የጭነት ኪሎውን ሒሳብ ሳይቸገር እንደሚያወራርድ ይህ ጸሐፊ አይጠራጠርም።