ደብሩ እንግዳ በሆነበት ሰፈር

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በከተማይቱ ውስጥ ልደታ፣ ራጉኤል፣ እስጢፋኖስ፣ ኡራኤል እየተባሉ የሚጠሩት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከቤተ ክርስቲያናቸው ነው፤ ታቦቱ ከገባ በኋላ ቅጽሩ ታጥሮ፣ ካህናቱ በዙሪያው ሰፍረው፣ ነጋዴውም ሠራተኛውም እየተከተለ ቤት ሠርቶ፣ በመጨረሻ የታክሲ ረዳት እንኳ ሳይቀር በመልአኩና በሰማዕቱ ስም መንገደኛ እስኪጣራ ድረስ ደብሩ ሰፈሩን ወልዶታል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ምእመን፣ ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ ማኅሌት ሲቆም፣ በንግሥ ቀንም መንገዱ በሕዝብ ሲሞላ፣ ለዚህ ሁሉ ከጐረቤት ፈቃድ መጠየቅ ይገባ እንደ ሆነ አስቦት አያውቅም፤ ጐረቤቱ ራሱ በደብሩ ጥላ ሥር ሊኖር የመጣ ነውና።

ይኸው ምእመን ግን በስደትም ሆነ በትምህርት ወይም በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች፣ በዳላስም ሆነ በሲያትል፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ማኅበር ተክሎ፣ ለዓመታት በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ በኪራይና በተውሶ ሰዓት ሲያስቀድስ ቆይቶ፣ በስእለትና በመባ በተጠራቀመ ገንዘብ የራሱን ቦታ ሊገዛ ሲነሣ፣ ነገሩ ተገልብጦ ያገኘዋል። በዚያ ሰፈሩ ቀድሞአል፤ ደብሩ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳም እንደ መሆኑ ማን እንደ ሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ ስንት ሰው እንደሚያስከትል ተጠይቆ መልስ መስጠት ግዴታው ነው። እኔ እንደማምነው፣ ሰበካ ጉባኤዎቻችን በዚህ ደጅ ሲደክሙና ገንዘባቸውን ሲያፈስሱ የምናየው፣ ከሹማምንቱ ክፋትና ከጐረቤቱ ጥላቻ ይልቅ፣ ሥርዓታቸውን ሙሉውን ጽፈው ስለማያቀርቡና፣ በጽሑፍ የሚወሰነውን ጉዳይ በሰው በሰው ለመጨረስ ስለሚሞክሩ ነው።

ይህን ሁሉ የሚጠይቀው የቦታ አጠቃቀም ደንብ፣ በዚያ አገር ሰዎች አንደበት ዞኒንግ የሚባለው፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አላለፈም። የኒው ዮርክ ከተማ፣ ግዙፋን ፎቆች የጐረቤቶቻቸውን ብርሃንና አየር መጋረዳቸው ብዙ ክርክር ስላስነሣ፣ መላ ከተማውን የሚገዛ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1916 አወጣች፤ በ1926 ደግሞ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በክሊቭላንድ አጠገብ የምትገኘው የዩክሊድ መንደር፣ 68 ኤከር መሬት ከነበረው አምብለር ከሚባል ኩባንያ ጋር የገጠመችው ሙግት እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ስድስት ዳኞች በሦስቱ ላይ በልጠው ለመንደሪቱ ፈረዱላት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሰዘርላንድ ያቀረቡት ምክንያት፣ አንድ ነገር በራሱ ክፉ ባይሆንም ያለ ቦታው ሲገኝ ነውር ይሆናል፣ አሳማ ከበረቱ ወጥቶ እልፍኝ ሲገባ እንደማለት ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት፣ ጉዳዩን በታችኛው ፍርድ ቤት የመረመረው ዳኛ ደንቡ በተግባር ሕዝቡን በገቢው መጠን እየለየ የሚያሰፍር መሆኑን አስተውሎ ሽሮት እንደ ነበር ነው። ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1917፣ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊቪል ከተማ ነጭና ጥቁር በየሰፈሩ ተለይቶ እንዲኖር ያወጣችውን ደንብ አፍርሶታል። ስለዚህ አንድ ሐበሻ በዞኒንግ ቦርድ ፊት ቆሞ፣ ይህ ሁሉ ስለ መኪናና ስለ ጩኸት የሚነገረው ነገር በውስጡ ሌላ ስም ያለው አይሆንምን ብሎ ቢጠራጠር፣ ጥርጣሬው ያለ ታሪክ የተወለደ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ማመልከቻ አይሆንም።

የደንቡ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ክልል ያለ ማንም ጥያቄ የሚፈቀዱለት ሥራዎች አሉት፤ ፈጽሞ የተከለከሉ አሉት፤ በእነዚህ መካከል ደግሞ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቀዱ አሉ፣ እነርሱም እንደየአገሩ ልዩ ፈቃድ ወይም ስፔሻል ኤክሴፕሽን ይባላሉ። በብዙ ከተማና ካውንቲ ቤተ ክርስቲያን በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የሚገኘው ከዚህ ከመካከለኛው ክፍል ነው። አመልካቹ የቦታውን ፕላን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የትራፊክ ጥናቱንና የአገልግሎቱን ዝርዝር ያቀርባል፤ በቦታው ላይ ማስታወቂያ ይተከላል፤ በዙሪያው ላሉ ባለ ንብረቶች ደብዳቤ ይላካል፤ የፕላን ቢሮው ባለሙያዎች መርምረው የውሳኔ ሐሳብ ይጽፋሉ፤ ከዚያም በአደባባይ ችሎት፣ ሂሪንግ በሚሉት፣ ወዳጅም ተቃዋሚም እየቆመ በተወሰነለት ጥቂት ደቂቃ ቃሉን ይሰጣል። ፈቃዱ ቢሰጥ እንኳ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የሰዓት ገደብ፣ የሰው ቁጥር፣ በወሰን ላይ የሚተከል ዛፍና ሌላም ተጨምሮበት ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን ደጅ ጥናትን እንደ አንድ ጥበብ አድርገው አውርሰውናል። ጉዳይ ያለው ሰው በመኳንንቱ አጥር ሥር ውሎ፣ አማላጅ አቁሞ፣ እጅ መንሻውን ይዞ፣ ጌታው ፊቱን እስኪመልስለት ድረስ ይታገሣል፤ ዛሬም ቢሆን በአገራችን መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ፋይሉ ቶሎ እንደሚገኝለት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህን ልማድ ይዞ ባሕር የተሻገረ ኮሚቴ የመጀመሪያ ጥያቄው «የቦርዱን አባል የሚያውቅ ማነው?» የሚል ይሆናል፤ የሚያውቅም ሰው ከተገኘ እራት ይጋበዛል። ከዚህ የበለጠ ጉዳት ማሰብ ያስቸግራል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የልዩ ፈቃድ ጉዳይ የሚታየው በዳኝነት ሥርዓት ሲሆን፣ የቦርዱ አባል በመዝገቡ ላይ በቀረበው ማስረጃ ብቻ እንዲወስን ይጠበቅበታል፤ አመልካቹ ከችሎት ውጭ ለብቻው ያነጋገረው እንደ ሆነ አባሉ ይህን በአደባባይ ለመናገር፣ አንዳንድ ጊዜም ከጉዳዩ ለመነሣት ይገደዳል፣ የተገኘው ውሳኔም ለይግባኝ በር ይከፍታል። ሊያነጋግሩት የሚገባውና በሩን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ሰው ሌላ ነው፤ እርሱም ደመወዙን የሚበላው ማመልከቻ ለመመርመር የሆነ የፕላን ቢሮው ባለሙያ ነው፤ ይህን ሰው ግን ማንም እራት የጋበዘው የለም፣ ግብዣም አይፈልግም፣ የሚፈልገው የተሟላ ወረቀት ነው።

ወረቀቱም የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ከፍርሃት የተነሣ ነው። ጐረቤቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ «እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል፣ 150 ሰው» ተብሎ ይጻፋል። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ ግን የሰንበት ኪዳንና ቅዳሴ ጎሕ ሳይቀድ እንደሚጀመር፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በአዘቦት ቀንም እንደሚቀደስ፣ በሰሙነ ሕማማት ምእመኑ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ እንደሚውል፣ የትንሣኤ ሌሊት ሕዝብ ከግቢው የሚወጣው ዶሮ ሲጮኽ እንደ ሆነ፣ ዓመታዊው ንግሥ ከሌላ ከተማ ሳይቀር በአውቶቡስ ሰው እንደሚያመጣ፣ ክርስትናውም ፍትሐቱም ተዝካሩም የራሱ ቀንና የራሱ ድግስ እንዳለው ያውቃል። ቦርዱ የቀረበለትን አይቶ በቀረበለት ልክ ፈቀደ፤ ማኅበሩም ደስ ብሎት ገባ፤ ከዚያ በፋሲካ ሌሊት ጐረቤቱ ስልክ ደወለ፤ ተቆጣጣሪውም መጥቶ ፈቃዱን ሲያነብ ያገኘው የማኅበሩን የራሱን ቃል ነው። የከሰሰው ጐረቤት መስሎ ቢታይም፣ የረታው ግን ማመልከቻው ራሱ ነው። በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ሌሊት ያልተፈቀደ ሌሊት ነው፤ እርሱን ለማስጨመርም ማሻሻያ ጠይቆ፣ ማስታወቂያ ተክሎ፣ አሁን ከተቈጡ ጐረቤቶች ፊት እንደገና መቆም ይመጣል።

ሁለተኛው ችግር የደንቡ መስፈሪያ የተቀረጸው ለሌላ ዓይነት ጸሎት ቤት መሆኑ ነው። ብዙ ደንቦች የመኪና ማቆሚያውን የሚያሰሉት በመቀመጫ ቁጥር ሲሆን፣ ለአራት መቀመጫ አንድ የመኪና ቦታ የሚለው ልክ የተለመደ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ምንጣፍ ላይ ቆሞ በመቋሚያ ተደግፎ የሚያስቀድስ ሕዝብ ግን በዚህ ሚዛን አይመዘንም። ይህን ቀላል ጥቅም የመሰለው ኮሚቴ «መቀመጫችን ጥቂት ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን የሕንፃና የእሳት ደንቡ ከኋላ ይመጣበታል። በአብዛኛው አሜሪካ ተቀባይነት ያገኘው የሕንፃ ደንብ፣ ተንቀሳቃሽ ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ ለአንድ ሰው 7 ካሬ ጫማ፣ ሰው በሚቆምበት ቦታ ግን 5 ካሬ ጫማ ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ 3500 ካሬ ጫማ የሆነ ቦታ በወንበር ሲቆጠር 500፣ በቁም ሲቆጠር 700 ሰው ይሆናል። በእንዲህ ያለው የጉባኤ ሕንፃ የሰው ልክ 300 ከደረሰ ደግሞ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ እንዲገባ ደንቡ ያዝዛል፤ መጋዘን ገዝቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚለውጥ ድሀ ማኅበር ይህ ከግዥው ዋጋ ቀጥሎ የሚመጣ ትልቅ ወጪ ነው። እዚህ ላይ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ የሚናገረው ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት የምትከፈል በመሆኗ፣ ወደ መቅደሱ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባ ስለሌለ፣ ያ ክፍል ለሕዝብ መቆሚያ ሊቆጠር አይገባም ብሎ ለመከራከር የሚበቃ ምክንያት አለ። አርክቴክቱ ግን ይህን ከማን ይስማ? የተሰጠው ንድፍ «ትልቅ አዳራሽ» ብቻ ይላል።

ስለ ቤተልሔምም እንዲሁ ነው። ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ያ ትንሽ ቤት በሥርዓቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ይሠራል፤ ደንቡ ግን ማናቸውም ተጨማሪ ቤት ከወሰን የተወሰነ ርቀት እንዲጠብቅ ይፈልጋል፣ የተገዛውም ሕንፃ ምሥራቁ ከአጥሩ ጋር የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቫሪያንስ፣ ማለትም ከደንቡ ልክ ነጻ የሚያወጣ ፈቃድ፣ እንጠይቃለን ይባላል። ቫሪያንስ ግን የሚሰጠው በመሠረቱ ችግሩ ከመሬቱ ከራሱ ሲመነጭ ነው፤ ቅርጹ ጠባብ፣ ተዳፋቱ ከባድ፣ ድንጋዩ የማይፈነቀል ሲሆን። የሥርዓታችን ግድ ነው ማለት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ምሥራቁ ሰፊ የሆነ ቦታ መምረጥ ግን ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

እውነቱን ሁሉ የጻፈ ሰው ተቃዋሚን ጠርቶ በራሱ ላይ ያስነሣል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ መልሱም ከንቱ አይደለም። ሌሊት ስለሚቆም ማኅሌትና ስለሚመታ ከበሮ በግልጽ የተነገረው ጐረቤት ፊርማ ለማሰባሰብ ቀን ያገኛል። ሆኖም የአሜሪካ ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ ለአምልኮ ያደረገው ልዩ ጥበቃ አለ፣ አመጣጡም ከአንድ ደብር ጠባብነት ነው። በቴክሳስ በበርኒ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናኑ ስለ ጠበበ ሊሰፋ ቢጠይቅ፣ ከተማው በታሪካዊ ቅርስ ክልል ምክንያት ከለከለው፤ የሳን አንቶኒዮው ሊቀ ጳጳስ ፍሎሬስ ከስሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢደርሱም በ1997 ተረቱ፣ የተመኩበትም የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በክፍለ ግዛቶች ላይ እንዳይሠራ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ሌላ ሕግ አወጣ፤ በዚህም የቦታ አጠቃቀም ደንብ ያለ ብርቱ ምክንያት በአምልኮ ላይ ከባድ ሸክም እንዳይጭን፣ የጸሎት ቤትን ከሌሎች የመሰብሰቢያ ስፍራዎች ባነሰ ሁኔታ እንዳይመለከት፣ አንዱንም ሃይማኖት ከሌላው እንዳያበላልጥ ተከለከለ። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ከማመልከት ነጻ አያወጣም፤ የሚጠብቀውም የተከለከለውን አምልኮ በመዝገብ ላይ ያስመዘገበውን ነው። በጽሑፍ ያልጠየቀው ሌሊት ስለ መከልከሉ ከባድ ሸክም ተጫነብኝ ብሎ ለፍርድ የሚቀርብ ማኅበር ምን ማስረጃ ያመጣል? የተቃዋሚው የክፋት ቃልም ቢሆን የሚጠቅመው በችሎቱ ፊት ሲነገርና በቃለ ጉባኤው ሲያዝ ነው፤ ለዚህም ተቃዋሚው በሙሉ ጥያቄው ላይ እንዲናገር ዕድል ማግኘት አለበት።

ሁሉን የሚያከብደው ግን የቅደም ተከተሉ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ይገዛል፣ ቀጥሎ ይባረካል፣ በመጨረሻ ይጠየቃል። ባለ ጠጋው ነጋዴ እንኳ መሬት ሲገዛ በውሉ ውስጥ ፈቃዱ ካልተገኘ ውሉ እንዲፈርስና ቀብዱ እንዲመለስ የሚል አንቀጽ ያስገባል፤ የጋሪ ጎታችና የፓርኪንግ ሠራተኛ ገንዘብ የያዘው ሰበካ ጉባኤ ግን ዕቃው እንዳያመልጠው ቸኩሎ ያለ አንቀጽ ይፈርማል። እርግጥ ነው፣ ገበያው በሞቀበት ከተማ ሻጩ ፈቃድ እስኪወሰን ለመጠበቅ እሺ ላይል ይችላል፤ ቢሆንም ቦታውን ለማጥናት የጥቂት ሳምንታት ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ብዙ አይደለም፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ ከፕላን ቢሮው ጋር ከማመልከቻ በፊት የሚደረገውን ስብሰባ ማግኘት በብዙ ቦታ ይቻላል። ወደዚያ ስብሰባ ጠበቃና መሐንዲስ ቢሄዱ መልካም ነው፤ ከእነርሱ ጋር ግን ግጻዌውን በቃሉ የሚያውቅ መሪጌታ ሊቀመጥ ይገባል፣ የትራፊክ ጥናቱን የሚሠራው ባለሙያ መኪና የሚቆጥረው በተራ እሑድ ከሆነ፣ የደብሩ ታላቅ ቀን ኅዳር ጽዮን መሆኑን፣ እርሷም በዚያ ዓመት ረቡዕ ላይ እንደምትውል ሊነግረው የሚችል ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ አይኖርምና።