ለጨው ውኃ አኳሪየም ትልቁን የመመርመሪያ ሳጥን አትግዙ

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የደወለው እዚሁ ኮዝሞ ሲቲ፣ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ወዲያ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ዓሣዎቼ ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ ሄድኩ። አኳሪየሙ ወደ አገሩ ከተመለሰ ሰው በርካሽ የገዛው፣ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ነው። ውኃው ጥርት ከማለቱ የተነሣ ከታች ያለው አሸዋ ይቆጠራል። ጠረጴዛው ላይ «ስድስት በአንድ» የሚል የመመርመሪያ ስትሪፕ ተቀምጧል። «ይኸው ጋሼ፣ ለክቼዋለሁ፣ ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ስድስቱም ቀለሞች ደህና ይላሉ። ከአራቱ ዓሣዎች ሁለቱ እስከ ማታ ሞቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግማሹን ውኃ ቀይሯል። የቧንቧ ውኃ በባልዲ ቀድቶ፣ ክሎሪኑ ተኖ ይውጣ ብሎ አሳድሮ፣ የባሕር ጨው በጥብጦ ጨመረበት። ልጁ አልሰነፈም፤ ከድሮ ጀምሮ ሲባል የሰማውን ነው ያደረገው። የጆሃንስበርግ ውኃ ግን እንደዚያ አይደለም። ራንድ ዋተር ከቫል ግድብ አምጥቶ ያጣራውን ውኃ በረጅሙ ቧንቧ ሲገፋ፣ መድኃኒቱ መንገድ ላይ እንዳያልቅ ግፊት መስጫ ጣቢያዎቹ ላይ አሞኒያ ይጨምርበታል። ክሎሪንና አሞኒያ ሲገናኙ ክሎራሚን ይሆናሉ። ክሎራሚን ባልዲ ውስጥ አንድ ሌሊት ስላደረ ብቻ ተኖ አይጠፋም፣ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። የልጁ ስትሪፕ የሚለካው ነፃውን ክሎሪን ብቻ ነው፤ አሞኒያን ጭራሽ አይለካም። ስድስት ነገር ለክቶ የገዳዩን ስም ሳይጠራ ቀረ።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። መመርመሪያ ስትመርጡ «ስንት ነገር ይለካል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እኔ ቤት፣ በዚህ ውኃ፣ ዓሣዬን ቀድሞ የሚገድለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ትልቁ ሳጥን የተዘጋጀው መደብር ውስጥ ዓይን እንዲሞላ ነው። ግማሹ ጠርሙስ ሳይከፈት ቀኑ ያልፍበታል።

ኮዝሞ ሲቲ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው መመርመሪያ ከዓሣ መደብር አይገዛም። የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጥበት ሃርድዌር ቤት ግቡ። በዚህ ከተማ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ ዕቃው በየቦታው አለ። አንድ ቢጫ የሚያወጣ ጠብታ፣ አንድ ቀይ የሚያወጣ ጠብታ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። ቢጫው ጠቅላላ ክሎሪንን ይነግራችኋል፤ ክሎሪኑ ብቻውን ካለ ወዲያው፣ ክሎራሚን ሆኖ ከታሰረ ደግሞ ቀስ ብሎ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በኪኒን የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ቁጥር 1 ነፃውን፣ ቁጥር 3 ሲጨመርበት ጠቅላላውን ያሳያል። ልዩነቱ ክሎራሚን ነው። የለካችሁበትን ውኃ መልሳችሁ አኳሪየሙ ውስጥ አትድፉት፣ ልጆችም አይንኩት፤ ኬሚካሉ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ጨው ነው። የባሕር ውኃ በአንድ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ብዙ ሰው የሚጀምረው መርፌዋ ከፍና ዝቅ በምትል የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ነው፤ እኔም በዚያ ነው የጀመርኩት። መርፌዋ ላይ ትንሽ የአየር አረፋ ከተለጠፈ ወደ ላይ ትነሣና የሌለ ጨው ትቆጥራለች። ሪፍራክቶሜትር ግዙ። ሻጩ «በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ አስተካክለው» ቢላችሁ አትርኩ፤ 35 ተብሎ የተዘጋጀውን ማስተካከያ ፈሳሽ አብራችሁ ውሰዱ። ዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊሳሳት ይችላል፣ እኛ ደግሞ የምንኖረው 35 ላይ ነው።

ሦስተኛው አሞኒያ። አዲስ አኳሪየም አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ጀማሪ ያለዚህ ኪት መንቀሳቀስ የለበትም። እዚህ ላይ አመራረጥ አለው። አንደኛው ዓይነት ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚሄድ ነው፤ ሜርኩሪ አለበት፣ ጨው ውኃ ውስጥ ይደፈርሳል፣ ክሎራሚን ማጥፊያ መድኃኒት ከጨመራችሁ ደግሞ ያልሆነ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ነው፤ ጠርሙሱ ይበዛል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል፣ ግን እሱን ውሰዱ። ክሎራሚን ማጥፊያው ክሎሪኑን ሰብሮ አሞኒያውን ሊተወው ስለሚችል፣ ውኃ በቀየራችሁ ማግስት መለካት ያለበት ይኸው ነው።

በቃ። ዓሣ ብቻ ለሚያኖር ሰው ለመጀመሪያው ሁለት ወር እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ ባይ ነኝ። ናይትራይት ለምን አልጠቀስክም የሚለኝ አይጠፋም። በጨው ውኃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይሻማዋል፤ በወንዝ ዓሣ ላይ የሚያደርሰውን ያህል እዚህ አያደርስም። በእሱ ዋጋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከደርባን ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። እ.አ.አ በ2023 ከ300 ቀን በላይ መብራት በፈረቃ ሲጠፋብን የሞተው ዓሣ ብዙው በመርዝ ሳይሆን በመታፈን ነው የሞተው ብዬ አምናለሁ።

ኮራል የጀመረ ሰው ግን አልካሊኒቲን ይጨምር። ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ነገር ስለሆነ በየቀኑ ይወርዳል። በባሕር ውስጥ 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው፤ ብዙዎቻችን 8 ወይም 9 ላይ እንይዘዋለን። ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። ጠብታ እየቆጠራችሁ ቀለሙ ድንገት የሚገለበጥበትን ኪት ምረጡ። ቀለም ከካርድ ጋር ማመሳሰል በአምፖል ብርሃን ያሳስታል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ወንድም ጥቂት አይደለም። የሆላንዱ ሳሊፈርት ጠብታ ቆጠራ ነው። የሐና ትንሿ መሣሪያ ቀለሙን ራሷ አንብባ ቁጥር ትሰጣችኋለች፤ ዓይኑን ለማያምን ሰው ጥሩ ነች፣ ብርጭቆዋ ላይ የጣት አሻራ ካለ ግን ትዋሻለች። «ሬድ ሲ» የሚለውን ሳጥን ስታዩ ደግሞ ስሙ ብቻ ሆዳችሁን አባብቶት እንዳትገዙ፤ ባሕር የሌለን ሰዎች ለዚህ ስም እንሸነፋለን። የቱንም ብትመርጡ፣ ለጨው ውኃ የተዘጋጀ የቀለም ካርድ እንዳለውና ጊዜው እንዳላለፈ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

አንዳንዱ «ከደርባን የባሕር ውኃ ማስጫን ይሻላል» ይላል። ወደ 570 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን፤ ግን እ.አ.አ በኤፕሪል 2022 ጎርፉ የደርባንን የፍሳሽ መስመር ካፈራረሰው ወዲህ የባሕር ዳርቻዎቹ በባክቴሪያ ምክንያት በተደጋጋሚ ሲዘጉ አይተናል።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ የገፋፋችኝ ባለቤቴ ነች። ከልጁ ቤት ተመልሼ የእኛን የቧንቧ ውኃ በቢጫው ጠብታ ስለካ አይታኝ፣ «አንተ፣ ለዓሣ የምትለካውን ያህል ልጆቹ የሚጠጡትን ለክተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እ.አ.አ በሜይ 2023 ከፕሪቶሪያ ሰሜን፣ ሃማንስክራል ውስጥ ኮሌራ ከ20 በላይ ሰው ሲገድል በዜና አዝነን አልፈናል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣው የመንግሥት የብሉ ድሮፕ ሪፖርት፣ ከአገሪቱ የውኃ አቅርቦት ሥርዓቶች 46 በመቶው በባክቴሪያ ምርመራ ደረጃውን እንደማያሟሉ ተናገረ። በማርች 2024 የአይከንሆፍ ፓምፕ ጣቢያ በመብረቅ ተመትቶ ከተማው በተጠማ ጊዜ፣ ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ የሞላሁት አኳሪየሜን አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ግን ሳልለካ ጠጥቼዋለሁ።

አሁን ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ እለካለሁ። ለዓሣው ቢጫ እንዳይወጣ እፈልጋለሁ፣ ለልጆቹ ደግሞ ቢጫ ካልወጣ አፈላዋለሁ። ቢጫ ወጣ ማለት ጀርም የለም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢጫ አለመውጣቱ ግን መከላከያው አልቋል ማለት ነው፣ ያንን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ተማሪው ስትሪፑን አልጣለውም፤ የገዛበት ገንዘብ አሳዝኖታል። ትናንት ማታ በካርቦን የተጣራውን የባልዲ ውኃ አብረን ለካነው፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። አሞኒያውም ቢጫ ነው፣ አረንጓዴ የለውም። የሞቱትን ለመተካት ሁለት ሳምንት ጠብቅ አልኩት። አልተደሰተም።