ሰውየው ይጓዝ ወይስ ናሙናው?

ባለፈው ጥቅምት ቆቦ ነበርኩ። ስደርስ አጎቴ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል። ወርዶ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ ጉንጩን በጣቱ ገልብጦ አሳየኝ። ከውስጥ በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነጭ ነገር አለች። አታመውም፤ ቢፍቃትም አትለቅም።

«እስቲ አንተ የተማርከው፣ ይሄ ክፉ ነው ደግ?» አለኝ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። የታየበት ቦታ የአፍ ማጠቢያ ሰጥተው፣ «ካልለቀቀህ ደሴ ሂድ፣ እዚያም ካልሆነ አዲስ አበባ» ብለው ሸኝተውታል። ከቆቦ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ። «ማሽላዬን ለወፍ ትቼ?» ብሎኝ ወደ ማማው ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

ያቺ ነጭ ነገር ሐኪሞች ሉኮፕላኪያ ከሚሏት ጋር ትመሳሰላለች። ሉኮፕላኪያ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ሊሆን የሚችል ምልክት ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ የጥናት ማጠቃለያዎች እንደሚሉት ከ100 እንዲህ ዓይነት ሰዎች ወደ 10 የሚጠጉት በጊዜ ብዛት ካንሰር ይይዛቸዋል። 90ዎቹ ሳይነካቸው ይኖራሉ። ችግሩ አሥሩ እነማን እንደሆኑ ከላይ ታይቶ አለመታወቁ ነው። ፓቶሎጂስት ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ሴሎቹ ምን ያህል መልካቸውን እንደለወጡ ደረጃ ያወጣል። ግን ሁለት ፓቶሎጂስቶች አንዱን ናሙና አይተው የተለያየ ደረጃ ሊሰጡት ይችላሉ።

የጂን ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። የሰውነታችን ሴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጂኖች ይዘዋል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የትኛው ጂን ይሠራል፣ የትኛው ዝም ብሏል የሚለው ነው። አንድ መንደር አስቡ፤ በየቤቱ ሬዲዮ አለ። ሰፈሩ ሰላም መሆኑን ለማወቅ ሬዲዮ መቁጠር አይጠቅምም፤ የትኛው እንደተከፈተና ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ ማዳመጥ ነው እንጂ። የጂን አገላለጽ ምርመራ ይህንኑ ይለካል፤ ሴሉ ገና ካንሰር ሳይመስል ድምፁ መቀየር አለመቀየሩን።

በቴክሳስ የኤምዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት እንዲህ ዓይነት ምልክት ካለባቸው 86 ሰዎች የተወሰደ ናሙና መርምረዋል። በክትትሉ 35ቱ የአፍ ካንሰር ያዛቸው። ተመራማሪዎቹ 29 የጂን መልእክቶችን መርጠው የትንበያ ቀመር ሠሩ፤ ዕድሜንና የማይክሮስኮፕ ውጤትን ከመሳሰሉት የተለመዱ መለኪያዎች እጅግ የተሻለ እንደተነበየ፣ የስህተቱም መጠን 8 በመቶ እንደሆነ ዘገቡ።

ተስፋው ይህ ነው። ግን እንጠንቀቅ። 86 ሰው ትንሽ ነው፤ ከ86 ውስጥ 35 መታመማቸውም ተሳታፊዎቹ ከተራው ሕመምተኛ ይልቅ ለአደጋ የቀረቡ እንደነበሩ ያሳያል። ቀመሩም እስከ ዛሬ የዕለት ተዕለት የሐኪም ቤት ምርመራ አልሆነም። የሂዩስተን ቀመር ለራያ ሰው እንደወረደ ይሠራል ብሎ መማል አይቻልም፤ እዚሁ መፈተን አለበት።

«ታዲያ ይሄ የሀብታም ሀገር ወሬ ለቆቦ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። በኢኮኖሚክስ መረጃ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔ ሲቀይር ነው። ሆስፒታል ደጁ ላይ ላለ ሰው በየሦስት ወሩ መታየት ቀላል ነው፤ ትንበያው የሚቆጥብለት ትንሽ ነው። ለአጎቴ ግን አንድ ጉዞ ማለት የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የአስታማሚ ወጪ ነው፤ በዚያ ላይ በወፍ የሚበላ ማሽላ አለ። ከ90ዎቹ ከሆነ በከንቱ ደኸየ። ከአሥሩ ከሆነና ከቀረ ደግሞ ሞቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ለይቶ የሚነግር ምርመራ ከሂዩስተን ይልቅ የሚያስፈልገው ለቆቦ ነው።

አይቻልም እንዳይባል፣ ከዚህ በፊት አድርገነዋል። የቲቢ ጀርምን ጂን በሁለት ሰዓት ገደማ የሚለየውን ጂን ኤክስፐርት የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው። ዛሬ ማሽኑ በክፍለ ሀገር ሆስፒታሎቻችን ጭምር ይሠራል። የቲቢ ሕመምተኞችን ናሙናም የኢትዮጵያ ፖስታ ሲያመላልስ ኖሯል። ለሳንባ የሆነው ለአፍ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ጂን ከመቁጠር በፊት አፍ ማየት ይቀድማል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሁለት ሳምንት ያለፈው ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ የማይድን ቁስል ስታይ የት እንደምትልክ ትወቅ። ናሙናው በማደንዘዣ መርፌ እዚያው ወረዳ ላይ ይወሰድ። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና በተራ አውቶቡስ ተጉዞ ፓቶሎጂስት ዘንድ ይደርሳል፤ ሰውየው ማሳው ላይ ሆኖ ውጤቱን በስልክ ይሰማል። ለጂን ምርመራ የሚሆነው ናሙና ቶሎ ስለሚበላሽ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ያ ሁለተኛው እርምጃ ነው። በጦርነቱ የተዘረፉት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት እንደገና ሲደራጁ ይህ ከዕቅዱ ቢገባ ምን አለበት?

ምንም ምርመራ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ትምባሆና አልኮል የአፍ ካንሰር ዋና መንስኤዎች ናቸው፤ ሲደመሩ ደግሞ ይብሳል። የጫት ጉዳይ በሳይንስ ገና አልቆረጠም፤ ከሲጋራ ጋር ሲያዝ ግን ሲጋራው ብቻውን ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ማጨስን ከልክሏል። በርጫ ቤቶቻችን ውስጥ ማን ያስከብረው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

አጎቴ ማሽላውን አስገብቶ ደሴ ሄደ፤ ናሙና ሰጥቶም ተመለሰ። ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ሲጋራውን ትቻለሁ ይላል፤ ሚስቱ ግን ገና አላመነችውም። ያቺ ቁራጭ ሥጋ ያለ እሱ ከቆቦ ደሴ መሄድ ትችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፤ ቅጠሉ ያለበት ቦታ ለመድረስ ግን ገበሬ አዝመራውን መክሰር የለበትም።