የእንጨት ራኬት ሻምፒዮኖች በዋንጫ ቍጥር ይመዘናሉን?

በትምህርት ቤታችን ስለ ቴኒስ ጨዋታ ክርክር በተነሣ ቍጥር ነገሩ የሚቋጨው ዋንጫ በመቍጠር ነው። ጆኮቪች እስከ 2023 ድረስ 24፣ ሌቨር 11፤ እንግዲህ ምን ቀረ? ይባላል። እኔ ግን በዚህ አቈጣጠር አልስማማም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንመልከት። የእንጨት ራኬት ከስስ የእንጨት ንጣፎች ተጣብቆ የሚሠራ፣ ከዛሬው ይልቅ የሚከብድ፣ የፊቱ ስፋት ግን የዛሬው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ኳሱ ከመካከሉ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ያረፈ እንደ ሆነ ክንድን ያንቀጠቅጣል እንጂ ወደታሰበበት አይሄድም። እርጥበት እንዳያጣምመውም ከጨዋታ በኋላ ባለ አራት ብሎን መቈንጠጫ ውስጥ ይታሰር ነበር። ቢዮርን ቦርግ በ1991 የእንጨት ራኬቱን ይዞ ወደ ሞንቴ ካርሎ ቢመለስ፣ በጆርዲ አሬሴ 6ለ2፣ 6ለ3 ተሸነፈ። ይህን ጠቅሰው የቀድሞዎቹን የሚያናንቁ አሉ። ለእኔ ግን የሚያስረዳኝ የመሣሪያውን ልዩነት ነው፤ ለዚያውም ሰውዬው ከትልልቅ ውድድር ርቆ ብዙ ዓመታት ቈይቶ ነበር።

የሆነ ሆኖ የራኬቱ ነገር ቀላሉ ነው። የሚያሳዝነው የበሩ መዘጋት ነው። እስከ 1968 ድረስ አራቱ ታላላቅ ውድድሮች ለአማተሮች ብቻ የተፈቀዱ ነበሩ፤ በጨዋታው ገንዘብ የሚያገኝ ፕሮፌሽናል አይገባባቸውም። አውስትራሊያዊው ሮድ ሌቨር በ1962 አራቱንም በአንድ ዓመት አሸነፈ። ወዲያው ፕሮፌሽናል ስለ ሆነ ከ1963 እስከ 1967 የተደረጉት 20 ውድድሮች ያለ እርሱ አለፉ። እገዳው በተነሣበት በ1968 ዊምብልደንን ወሰደ፤ በ1969 ደግሞ አራቱንም እንደ ገና ጠቀለለ። ከእነዚያ ከ20ዎቹ ስንቱን ይወስድ እንደ ነበር ማን ይቈጥርለታል? ተከራካሪዬ፣ «የ1962ቱም ድል እኮ ፕሮፌሽናሎቹ በሌሉበት ነው» ቢለኝ እውነቱን ነው። ይህም ቢሆን ቍጥሩ የማያስተማምን መሆኑን ያሳያል እንጂ ክርክሬን አያፈርስም።

ፓንቾ ጎንዛሌስ በ21 ዓመቱ በ1949 ፕሮፌሽናል ሆኖ ከ18 ዓመት በላይ በሩ ተዘግቶበት ኖረ። በ1969 ዊምብልደን ላይ፣ 41 ዓመት ሆኖት፣ ቻርሊ ፓሳሬልን ለማሸነፍ ሁለት ቀን የፈጀ የ5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ትግል አደረገ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴቶች 22ለ24 እና 1ለ6 ተሸንፎ፣ የቀሩትን ሦስቱን 16ለ14፣ 6ለ3፣ 11ለ9 ረታ። በሰንጠረዡ ላይ ይህ እንደ አንድ ተራ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታ ይቈጠራል!

አልቲያ ጊብሰንን የከለከላት ግን ገንዘብ ሳይሆን የቆዳዋ ቀለም ነው። የአሜሪካ ሻምፒዮና እስከ 1950 ድረስ ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ነበር። የቀድሞዋ ሻምፒዮና አሊስ ማርብል በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ነቀፋዋን በግልጽ ከጻፈች በኋላ፣ ጊብሰን በዚያው ዓመት ገባች። በ1956 የፈረንሳይን፣ በ1957ና በ1958 የዊምብልደንንና የአሜሪካን የነጠላ ዋንጫዎች ወሰደች። ከዚያ በኋላ ለሴቶች የፕሮፌሽናል ውድድር ባለመኖሩ፣ ለእንጀራዋ ስትል በቅርጫት ኳስ ትርኢቶች ላይ እስከ መጫወት ደረሰች። ሰንጠረዡ ግን የሚለው «5» ብቻ ነው።

በስፖርት ክበባችን ሰሌዳ ላይ የሻምፒዮኖች ዝርዝር በሚለጠፍበት ጊዜ፣ ከሌቨር 11 አጠገብ የታገደባቸው አምስት ዓመታት፣ ከጊብሰን 5 አጠገብም በሩ የተከፈተበት 1950 ቢጻፍ ምን ይከለክላል? ኅዳጉ እንደ ሆነ ሰፊ ነው።