በአያቱ ስም የተጠራው ልጅ

ልጅ ሲወለድ ቤት ውስጥ የሚነሳው የመጀመሪያው ክርክር የስም ነው። አያት አንድ ያወጣሉ፣ እናት ሌላ። እኛ ዘንድ አባት በሁለተኛ፣ አያት በሦስተኛ ስምነት ይከተላሉ፤ ቅድመ አያት ግን መታወቂያው ላይ ቦታ የላቸውም። የእናት ወገንማ ከመጀመሪያውም አልገባም።

ይህን ያሰብኩት ስለ ሞርሞኖች የቤተሰብ ባህል ሳነብ ነው። ለእነሱ የዘር ሐረግን መፈለግ የእምነት ግዴታ ነው፤ ለዚሁ ሥራ ዩታ ውስጥ ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በመጽሐፈ ሞርሞን ሔላማን የተባለ አባት ልጆቹን በቀደምት አባቶቻቸው ስም ኔፊና ሌሂ ብሎ ይሰይማቸዋል፤ ስማቸውን ባስታወሱ ቁጥር የእነዚያን ሥራ እንዲያስቡ።

ከሁሉ ልቤን የነካው የስሚዝ ቤተሰብ ታሪክ ነው። የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ራሱ የአባቱን ስም የያዘ ነበር። እሱና ወንድሙ ሃይረም በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ካርቴጅ እስር ቤት፣ በታጣቂዎች ተገደሉ። የሃይረም ልጅ ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። «ኤፍ» ፊልዲንግ ማለት ነው፤ የእናቱ ቤተሰብ ስም።

ይህ ልጅ አድጎ በ1872 ወንድ ልጅ ሲወለድለት «ሃይረም ማክ» አለው። ሃይረም የተገደለው አባቱ ነው፤ ማክ ደግሞ የአያቱ የሉሲ ማክ የቤተሰብ ስም። (የሴቶቹ ወገን እንዲህ መካከል ገብቶ መትረፉን ወድጄዋለሁ።) በአምስት ዓመቱ ያጣውን ስም እንደገና በቤቱ ሲጣራ፣ «አቤት» የሚል አገኘ።

በጃንዋሪ 1918 ግን ሃይረም ማክ በ45 ዓመቱ በትርፍ አንጀት ሕመም ሞተ። አባትየው 79 ዓመቱ ነበር፤ ሃይረም የሚለውን ስም ለሁለተኛ ጊዜ ቀበረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስለ ሙታን ያየውን ራእይ ተናገረ፤ አየኋቸው ካላቸው መካከል አባቱ ሃይረም ነበረበት። በኖቬምበር እሱም አረፈ።

ሌላው ልጁ ደግሞ የአባቱን ስም እንዳለ ወርሶ ነበር። ሁለቱም በየዘመናቸው የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ስለሆኑ፣ ሰው እንዳይምታታበት አባትየውን «ጆሴፍ ኤፍ.»፣ ልጁን «ጆሴፍ ፊልዲንግ» እያለ ይለያቸዋል።

እኔ ግን ይከብደኛል። ልጄን በአያቴ ስም ብጠራው ኖሮ፣ «ና እጅህን ታጠብ!» ብዬ ለመቆጣት አንደበቴ ይታዘዘኝ ነበር? እናንተስ?