«አይቲዎች አሉ እኮ!»

ሰሞኑን በአንድ የርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ሹም ስካን የተደረጉ ብራናዎችን የያዘ ሃርድ ዲስክ ከነሪባኑ ከፍ አድርገው «ከእንግዲህ ቅርሳችን አይጠፋም» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። «ለመሆኑ ይህን ማን ይጠብቀዋል?» ብል «አይቲዎች አሉ እኮ!» ተባልኩ። አይቲዎች! ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠሩት፣ ዋይፋይ ሲጠፋ የሚረገሙት ልጆች።

ሹሙን የሸወዳቸው ብራና ነው። ብራና ቸል ቢሉትም ይታገሣል፤ የአባ ገሪማ ወንጌል ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። ሃርድ ዲስክ ግን ማንም ሳይነካው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ በጥቂት ዓመታት ሊሞት ይችላል፤ ሲሞትም ድምፅ አያሰማም። ፋይሉ አለመበላሸቱን በየጊዜው በቼክሰም የሚያረጋግጥ፣ ቅጂውን በተለያየ ከተማ የሚያኖር፣ ፎርማቱ ሳያረጅ ወደ አዲስ የሚያሻግር፣ ምስሉ የየትኛው ገዳም፣ የየትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛው ቅጠል እንደሆነ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል። ይህ ዕድሜ ልክ የሚሠሩት ሙያ ነው። የእኛ የሥራ ማስታወቂያ ግን «ስካነር ኦፕሬተር፣ ለስድስት ወር፣ በኮንትራት» ይላል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ልጁም እውቀቱም አብረው ይሰናበታሉ።

ሹሙ ማስረጃ ከፈለጉ ከቢሯቸው አይራቁ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በየሶፍትዌሩ የተጻፉትን ደብዳቤዎች እስቲ ይክፈቷቸው። ፎንቱ ከሌለ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ፋይሉ እኮ አልጠፋም፤ እንደተቀመጠ ነው!

ገንዘብም ባለሙያም ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ዲጂታል ብራናዎቹ ለወራት ከአንባቢ ተሰውረዋል። እኛ በአንዲት ዲስክ እናጨበጭባለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራናዎቻችን የማይክሮፊልም ሥራ ዛሬም ተመራማሪ የሚመላለስበት ፊልሙ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ካታሎጉ ላይ ስላፈሰሱ ጭምር ነው። እሳቸውን በስድስት ወር ኮንትራት ቀጥረን ብናሰናብታቸው ኖሮ ዛሬ ማን ምኑን ያገኝ ነበር?

ለዚህ ሙያ ቋሚ መደብ ይከፈት፤ ደረጃና ደመወዝ ይኑረው። ዝርዝሩን የሰው ኃይል ሹሞች ይጨነቁበት። የሚቀጥለው ስካነር ሲገዛ ከዋጋው ጎን የአንድ ባለሙያ የሃያ ዓመት ደመወዝ አብሮ ይያዝ። አይሆንም ከተባለ ስካነሩም ይቅርብን።